ከሞተር ቤቱ ግድግዳ ስለወረደው ወረቀት

ቡልቡላ፣ የካቲት 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የከተማችን ውኃ አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ከዝዋይ በበርሜል ውኃ ለምታመላልስልዎ መኪናም እንዲሁ እመኛለሁ።

እኔ ወዬሳ ደገፋ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማውን የውኃ ሞተር ሳስነሳ ቀኝ ጆሮዬ ደንቁሯል፤ የማስነሻው እጀታ ወደኋላ እየመታ ክንዴን ሁለት ጊዜ ሰብሮታል፤ የናፍጣ ጢስ ደረቴን አድርቆታል። አንድም ቀን አቤት አላልኩም። ዛሬ ግን ሞተሩም ዝም ስላለ ከሁለታችን አንዳችን መናገር ይኖርብናል።

አንደኛ፣ ባለፈው ኅዳር ሞተሩ አልነሳ ባለ ዕለት ዘጠኝ ሰዎች ሰብስበው፣ አሻጥረኛው ማን እንደሆነ ከጠዋት እስከ ቀትር ስለመረመሩ አመሰግናለሁ። የእኔ ጥያቄዎች ሌሎች ነበሩ፦ ናፍጣው ደርሷል ወይ፣ ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆን ወይ፣ ጢሱ ነጭ ነው ወይስ ጥቁር። ሞተር ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ጠያቂው ግን ጎንበስ ማለት አለበት። የተደፈነውን ማጣሪያ ለማጠብ ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር፤ እኔን አስሮ ለመፍታት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

ሁለተኛ፣ በታሰርኩበት ጊዜ በእጄ ጽፌ የሰቀልኩትን የማስነሻ ቅደም ተከተል አውርደው በቦታው መፈክር ስለሰቀሉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ቀለሙ ያማረ ነው። የወረደው ወረቀት፣ መጀመሪያ ዘይቱ ይታያል፣ ቀጥሎ መሳቢያው ቧንቧ ውኃ ይሞላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁ ሲረጋ ወደ ከተማው የሚወስደው ቫልቭ ቀስ ተብሎ ይከፈታል ይል ነበር። አንዱ የሌላውን ደጅ ይጠናል፤ ተራውን የዘለለ ሁሉንም ያቆማል።

ሦስተኛ፣ በእኔ ምትክ ከናዝሬት ባለ ምስክር ወረቀት ሠራተኛ አመጡልን። ትጉ ሰው ነው፤ የሚያነበው ወረቀት ስላጣ ግን በታኅሣሥ ቧንቧውን ሳይሞላ አስነስቶ ፓምፑ በደረቁ ዞሮ ተቃጠለ። አልቀየመውም።

አራተኛ፣ ባለቤቴ አበዛሽ በጥር መጨረሻ አረፈች። ሕመሟ የቆየ ነበርና በእርስዎ አላሳብብም። ከቀብር የተመለሰው ሕዝብ እንደ ልማዳችን እጁን ሊታጠብ ደጄ ላይ ሲቆም፣ ለዚህ ከተማ ውኃ ሲያስነሳ በኖረ ሰው ቤት አንድ ጣሳ ንጹሕ ውኃ አልነበረም። የቦኖው ጠባቂ መሰለች ሆራ ከወንዝ በጀሪካን ቀድታ አመጣች። ደፍርሶ ነበር። ለቀስተኛው ታጠበበት፤ እኔም ጭቃውን በየጣቱ መካከል አየሁት።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ፓምፑ ተጠግኖ ሲመለስ ወረቀቱም ወደ ግድግዳው ይመለስ። ለመፈክሩ ቦታ ያጣብባል ካሉ፣ ከበሩ ጀርባ ይበቃዋል።

በመልካም ፈቃድዎ የታሰርኩ፣ በመልካም ፈቃድዎ የተፈታሁ፣ በመልካም ፈቃድዎም ከሥራዬ የተሰናበትኩ፣ አክባሪዎ

ወዬሳ ደገፋ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በቦኖው ግንብ ላይ በመለጠፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግንቡ ከታኅሣሥ ወዲህ ርሶ ስለማያውቅ ወረቀት አጥብቆ ይይዛል። የሞተሩን ድምፅ፣ ጢስና ሕመም ከነመድኃኒቱ ያሰፈርኩበትን ደብተር ለቢሮዎ ላስረክብ አስቤ ነበር። ሆኖም በእስሬ ጊዜ ከታሰርኩበት ክፍል መስኮት ሥር ቆማ፣ ቧንቧው ስለምን አስቀድሞ እንደሚሞላ የጠየቀችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ስለዚህ ደብተሩንና በራሴ ገንዘብ ያሠራሁትን የማስነሻ እጀታ የማስረክበው ለመሰለች ሆራ ነው።