ባለ ሬዲዮው ራሱ ይክፈተው

ሸምሱዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆችህ ቤቱን ገልብጠውታል።

ሱቋን ግን ለቀበሌ ላስረክብ ነው። አትቆጣኝ። መለዋወጫ ከገበያ ድራሹ ጠፋ፤ ያሠለጠንካቸው ልጆችም ብሔራዊ ውትድርና እንደሄዱ ቀሩ። ኮተቤ ያለው ጓደኛህ እንኳ ጥገናውን ትቶ ፍራሽ ይሰፋል። ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው የሚወስድበት አጥቶ ቁም ሳጥን ላይ ጨርቅ አልብሶ ያስቀምጠዋል። ከቦሌ እስከ ኮተቤ እኔ ብቻ ሳልቀር አልቀርም፤ እኔም ያንተን ትምህርት ይዤ።

ለሴት መበየጃ ሊያስይዝ ነው ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲያላግጥብህ ትዝ ይልሃል? አንተ እቴ! ወንበርህን ለቀህልኝ አጠገቤ ቆምክ። ይኸው ልጆቻችን ጾማቸውን ያላደሩት በዚያ ነው። አላህ ጀነት ይስጥህ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ጠግነህ፣ ፈትሸህ ስትጨርስ መልሰህ ትዘጋውና «ባለ ሬዲዮው ራሱ ይክፈተው» ትል ነበር። ድምፁ ሲወጣ የሰዉን ፊት ማየት ትወድ ነበር።

የጎረቤታችን የእትዬ ለተብርሃን ልጅ ግንባር የሄደ ሰሞን ሬዲዮአቸው ዝም አለ። ከተማውን ዞረህ ለተቃጠለው ትራንዚስተር ምትክ ስታጣ የኛን ሬዲዮ ፈትተህ፣ ከውስጡ አውጥተህ ሰጠሃቸው። ምን ያህል እንዳኮረፍኩህ! የሰው እየጠገንክ ቤትህ ዲዳ ይሁን ወይ ብዬ ጮኽኩብህ። አንተ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ፣

«እኛ እርስ በርስ እናወራለን፤ እሳቸው ቤት ማን አለ?» አልከኝ።

እውነትህን ነው፣ እናወራ ነበር። ቤቱ ለኔ ጸጥ ያለው አንተ ስትሄድ ነው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ለተብርሃን ያንኑ ሬዲዮ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ወድቆ ተሰባብሯል፤ የሚጠገን አልነበረም። ልጃቸው እግሩን ተመትቶም ቢሆን ተመልሶላቸዋል።

«የኔስ ልጅ መጣልኝ። አሁን የምታዋሪው ሰው ያጣሽው አንቺ ነሽ፤ የሸምሱን ዕቃ ወደ ቤቱ መልሺው» አሉኝ።

ትራንዚስተሩ ደህና ነበር። አውጥቼ በኛው ሬዲዮ ላይ በየድኩት፣ ፈተሽኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ እጄ መክፈቻው ላይ ቀረ። ባለ ሬዲዮው አንተ ነህ። አለቀስኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ። ኋላ እትዬ ለተብርሃንን ጠርቼ እርስዎ ይክፈቱልኝ አልኳቸው። ከፈቱት። የሬዲዮው ሰውዬ ዜናውን አንብቦ ጨረሰ፤ እኛ ግን አንድ ቃል አልሰማንም፤ ስላንተ እያወራን አመሸን።

ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ። መበየጃህን ግን ለማንም አልሰጥም፤ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ትበቃኛለች። የመጣልኝን እጠግናለሁ፣ ማን አስተማረሽ ላለኝ ሁሉ ስምህን እጠራለሁ። ስጨርስም መልሼ እዘጋውና ለባለ ሬዲዮው ወንበሬን እለቅለታለሁ።

ያንተዋ
ዘይነባ