ያልተሰፉት አሥራ አራት ጨርቆች

ውድ ወንድሜ ኦጄላዴ፣

ከተቀበርክ ከሁለት ወር በኋላ ኢባዳን ወዳለው የባህል ማዕከል ሄድኩ። በሕይወት ሳለህ ከተማችን ኢሴይን ድረስ መጥቼ ያልጠየቅኩህ ሰው፣ የቤታችንን ኤጉንጉን፣ ሙታን አባቶቻችን በበዓል ቀን የሚገለጡበትን ልብስ፣ ለማየት ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ገና እንደገባሁ ተናደድኩ። በመስታወቱ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ "የጭፈራ ልብስ" ይላል። የአባባ ስም የለም፤ የከተማችንም ስም የለም። ጠባቂውን ጠርቼ "ይህን የጻፈው ማነው?" አልኩ። ባባ አደጎኬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

"እኔ አቧራ ነው የምጠርገው" አሉኝ። "ቀስ በል እንጂ ፕሮፌሰር፣ ሙታኑ ሳይቆጡ አንተ ምን ሆንክ?"

"ፕሮፌሰር መሆኔን ማን ነገረዎት?"

"አጯጯህህ።"

ከዚያ ወደ ልብሱ ዞሩ። "እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህ ሲመጣ አብሮት ወረቀት መጥቷል። ምንም አይጨመርበት፣ ማንም አይንካው ይላል። በየበዓሉ አዲስ ጨርቅ የማይሰፋለት ኤጉንጉን ልጆቹ የረሱት አባት ነው። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው መርፌ ይዞ አያውቅም።"

የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ።

አባባ በሞተ በዓመቱ ልብሱን በመኪና ሳስጭን በሩ ላይ ቆመህ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ብል የበላውን እጠግነዋለሁ። አንተ የቆለፍክበትን ግን ምን አደርገዋለሁ?" አልከኝ። "አንተ ሱሪህን ስፋ፣ ስለ ቅርስ የምናውቅ እናስብበት" አልኩህ። ሠራተኞቹ ሳቁ። አንተ አልሳቅክም።

"አንድ ልብስ ሰፊ ነበር" ሲሉ ቀጠሉ ባባ። "በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። አይቻልም እለዋለሁ። እዚህ ወንበር ላይ ጥቂት ይቀመጥና ጨርቁን አጥፎ እኔ ጋ ትቶ ይሄዳል። ዘንድሮ ቀረ።"

ከጓዳ ጆንያ አመጡ። አሥራ አራት ጨርቆች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ክር የገባበት መርፌ ተሰክቷል፤ የመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ዝገዋል። ከላያቸው አንድ ወረቀት ነበር፦ ሁለቱ ወንድማማቾች ተስማምተዋልና ጨርቅ ይጨመር የሚል። አንተ ፈርመሃል። የእኔ ቦታ ባዶ ነው። ያን ወረቀት አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቢሮዬ ድረስ ልከኸው ሁለት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ተችቼ መልሼልሃለሁ። ቀዩ አሁንም አለበት።

እዚያው ቆሜ ፈረምኩ። ባባ ስሙን አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቁልፍ ሊያመጡ ሄዱ።

በመጀመሪያው ዓመት ያመጣኸውን ሰማያዊ ጨርቅ ሰፋሁ። አንተ ሻይህ ሳይበርድ የምትጨርሰው ሥራ እኔን እስከ ከሰዓት ያዘኝ። ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁ። ስፌቱ ጠመመ፤ ጨርቁም አንድ ጎኑ ተጨማደደ።

"ይፈታና እንደገና ይሰፋ?" አሉ ባባ።

ዕድሜ ልኬን ሰው የሠራውን ሳስፈርስ ኖሬያለሁ። "ይቅር" አልኳቸው።

መስታወቱን መልሰን ገጠምነው። ከባድ ስለሆነ በአንድ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ።

አሥራ ሦስት ቀርተዋል። በየበዓሉ እየመጣሁ አንድ አንድ እሰፋለሁ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ እጨርሳለሁ። የዘንድሮውን ግን የገዛ የለም። ገበያ ወጥቼ ጨርቅ ሻጮቹ ፊት ብዙ ቆምኩ። የትኛውን ቀለም ትመርጥ እንደነበር አላውቅም፤ ጠይቄህ አላውቅም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ታላቅህ
ኦጄዎሌ