የእናቴን ይቅርታ በትሪ ጭነው ወደ ማጀት ላስመለሱት ሼፍ

ለክቡር ሼፍ ቲራዴት፣
በባንኮክ ወንዝ ዳር ለሚገኘው «ዘጠኝ ምዕራፍ» ለተሰኘው ዘመናዊ የታይ ምግብ ቤት ባለቤትና ዋና አዛዥ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ሩዝ በልተዋል? በእኛ ዘንድ ሰላምታ የሚጀመረው በዚህ ጥያቄ ስለሆነ ነው እንጂ፣ የቤትዎን ልማድ ካየሁ በኋላ ጥያቄው እንዳያሳፍርዎት ሰግቼ ነበር። ጤናዎ የተሟላ፣ እጅዎ የማይንቀጠቀጥ፣ በዓሳ ላይ አበባ የሚያኖሩባት ወረንጦም የማትዝግ እንድትሆን ከልብ እመኛለሁ።

ክቡርነትዎ እንዲከተሉኝ የቤታችንን ጉድ አስቀድሜ ላውጣው። እናቴ ራቢያብና ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ላማይ፣ ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል። ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቀው እኔ ብደብቀው ትርፉ ድካም ነው። በአያቴ የሐዘን ሰሞን እናቴ፣ አክስቴ ለመነኮሳቱ ያቀረበችውን ኮምጣጣ የዓሳ ወጥ ቀምሳ፣ ለጎረቤት ጆሮ «እህቴ ወጥ መሥራት የተማረችው በደብዳቤ ነው» አለች። ጎረቤትም እንደ ጎረቤትነቱ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ነገሩን ለአክስቴ አደረሰ። አክስቴ ድስቷን አንጠልጥላ እንደወጣች ቀረች።

ጥፋቱ የእናቴ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። ነገር ግን በእኛ ቤተሰብ ታናሽ ለታላቋ «ይቅርታ» ብላ አፏን አትከፍትም፤ ነውር ነው። የምታደርገው ሌላ ነው፦ ከማዕዱ መሐል ካለው ሳህን፣ በጋራው ማንኪያ፣ የዓሳውን ምርጥ ሥጋ ከሆዱ በኩል አንስታ ከታላቋ ሩዝ ላይ ታኖራለች። ታላቂቱ ከበላችው ነገሩ አለቀ፤ ዳግም የሚያነሳው የለም። ወደ ሳህኑ ጠርዝ ከገፋችው ግን አላለቀም። እናቴ ዘንድሮ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያቺን አንድ ማንኪያ ሳታነሳ መሞት አትፈልግም። አምስት ወር ለምኜ አክስቴን ከደቡብ፣ ከትራንግ፣ አሥራ አምስት ሰዓት በባቡር ወደ ባንኮክ አስመጣኋት፤ እኛም ከሰሜን፣ ከፒትሳኑሎክ፣ ወረድን። የምሳውን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ «የታይን ማዕድ ወደ ሥሩ የሚመልስ ቤት» የሚለውን ማስታወቂያዎን አምኜ። ስለዚህ ከሚከተሉት ቅሬታዎች ግማሹ በራሴ ላይ ነው፤ ክቡርነትዎ ድርሻዎን ብቻ ይውሰዱ።

አንደኛ፤ ስለ ጠረጴዛው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከመስፋቱ የተነሳ ሁለቱ እህቶች ከወንዝ ማዶና ማዶ የቆሙ ይመስሉ ነበር። አክስቴ «ልጄ፣ እናትሽን ውሃውን አሳልፊ በያት» ስትለኝ፣ እናቴ ደግሞ «አክስትሽን እጇ ካጠረ ትነሳ በያት» ስትለኝ፣ እኔ በመሐል እንደ ጀልባ ስመላለስ ዋልኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሩዙ። እርስዎ «ምዕራፍ» ከሚሏቸው ዘጠኝ ምግቦች የመጀመሪያው ሲመጣ አስተናጋጁ እጆቹን አገናኝቶ፣ አጎንብሶ፣ «ይህ ከሼፋችን አያት ማጀት የመጣ ትዝታ ነው» አለን። ሳህኑ ላይ የነበረው አንድ ማንኪያ አረፋና በብሩሽ የተቀባች የሚጥሚጣ መስመር ብቻ ነበር። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችና «የኔ ልጅ፣ ምን ዓይነት አያት ናት እንዲህ አስርባ ያሳደገችው?» አለች። ቀጥላም «ሩዙስ?» ብላ ጠየቀች። «እማማ፣ ሩዝ በሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ይቀርባል።» «እሱ እስኪመጣ እኔ መቅድሙ ላይ እሞታለሁ» አለች። እናቴ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ በእህቷ ቀልድ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያች ቅጽበት ተስፋ ማድረጌን አልክድም።

ሦስተኛ፤ ይኸው የመጣሁበት። በሰባተኛው ምዕራፍ ሩዙ የሲኒ ክዳን በምታክል ሳህን መጣ፤ ከእሱም ጋር ዓሳው። ከመሐል የሚቀመጥ ትልቅ ሳህን የለም፤ የጋራ ማንኪያ የለም፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ጣት የምታህል፣ አበባ የተጫነባት ቁራጭ። እናቴ ዓሳዋን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገርዎት፦ አበባውን አነሳች፣ ቁራጩን እንዳለ በራሷ ማንኪያ ያዘች፣ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ያን ሁሉ ጠረጴዛ አቋርጣ ከአክስቴ ሩዝ ላይ አኖረችው። «ብዪ እንጂ፣ እትዬ» አለች፤ በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ቀጥተኛ ቃል። አክስቴም ማንኪያዋን አነሳች።

የእርስዎ አስተናጋጅ ግን ከአክስቴ እጅ ይፈጥናል። «ይቅርታ ክብርት እንግዳችን፣ ይህ ሳህን ለእርስዎ ብቻ የተሰናዳ ነው፤ ሼፋችን ጣዕሞቹ እንዳይደበላለቁ አደራ ብለዋል» ብሎ፣ ሳህኑን ከእነሩዙ፣ ከእነዓሳው፣ ከእነእናቴ ሰባት ዓመት አንስቶ በትሪ ወደ ማጀት ወሰደው። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ለአክስቴ ንጹሕ ሳህን፣ አዲስ ሩዝ፣ አዲስ ዓሳ፣ አዲስ አበባ መጣ፤ ከማንም እጅ ያልተሰጠ፣ ምንም የማይል ዓሳ።

አክስቴ አልነካችውም። እናቴም ቆማ ቀረች። «ተዪው ራቢያብ» አለች አክስቴ ናፕኪኗን እያጠፈች፤ «ቤቱ ራሱ አልፈቀደልሽም።» ጣፋጩን ሳትጠብቅ ተነስታ የአሥር ሰዓቱን ባቡር ተሳፈረች። እናቴ እስከ ጣቢያው ተከትላት ከባቡሩ ሥር ቆማ እጇን ብታውለበልብም፣ አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም።

አራተኛ፤ ጠረጴዛው ላይ ያበሩልን ቡናማ ሻማ ጥሩ ይሸታል። ያገኘሁት በጎ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጣዕሞችዎ እንዳይደበላለቁ ያለዎትን ጭንቀት እረዳለሁ። ሰው ግን ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጠው ሊደበላለቅ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዘጠኙ ምዕራፎች በአንዱ ከመሐል የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሳህንና አንድ ማንኪያ ይፍቀዱ። አበባውን ከፈለጉ ማንኪያው ላይ ያስሩት።

ለሰጡኝ ባዶ ሆድ፣ ለእናቴ ላተረፉላት እንባና ለታላቅ ትዕግሥትዎ በአክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ዘወትር የእርስዎ የተራበች አድናቂ እሆናለሁ።

ናሪሳራ
ከፒትሳኑሎክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው ትናንት ጠዋት የእናቴ ስልክ ጮኸ። አክስቴ ናት። ሰላምታ እንኳ የለም፤ «አንቺ፣ ያ ሰውዬ ሩዙን በጠብታ ነው እንዴ የሚያበስለው?» አለች። እናቴም «እትዬ ትሙት፣ እኔ ፍሬውን ቆጥሬ ጨርሻለሁ!» አለች። አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ፤ አረፋዎን፣ ብሩሽዎን፣ ምስኪን አያትዎን ሳይቀር አንድ በአንድ አነሱ። በመጨረሻም አክስቴ «እሁድ ነይ፤ ባዶ እጅሽን ነይ፣ ባዶ ሆድሽን ግን እንዳትረሺ» ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ከላይ የጠየቅሁትን ትልቅ ሳህን ሰርዤዋለሁ። እባክዎ በቤትዎ ምንም ነገር አያሻሽሉ፤ ሁለቱ እህቶች በዚህ ዓለም የተስማሙበት ብቸኛ ነገር የእርስዎ ምግብ መጥፎነት ነውና፣ ድንገት ቢጣፍጥ ቤታችን እንደገና ይፈርሳል።