ከኮፈኑ ፊት የማይታየው

ውድ መሰላል፣

ይሄን የምታነብልህ እህትህ እንደሆነች አውቃለሁ። እታለም፣ እባክሽ ሳትቆራርጪ እንዳለ አንብቢለት፤ ስድብ ካለም ስድቡን ጭምር። "በቃ ተይው" ቢልሽ እንዳትሰሚው። እኔንም በስልክ "በቃ ተይኝ" ብሎኝ አልሰማሁትም።

ትናንት እህትህ የሹፌሮች ግቢያችን ድረስ መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ስኳሩ አንዱን ዓይንህን ጨርሶ እንደወሰደው፣ ሌላኛው ግን ሕክምናው በዚህ ሳምንት ከተጀመረ ሊተርፍ እንደሚችል ሐኪሙ እንደነገራችሁ። አንተ ደግሞ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ "ዕድሜዬን በሙሉ በሽተኛ ሳመላልስ ኖሬ፣ በዚያው መኪና እንደ በሽተኛ አልጫንም" አልክ አሉ። መጀመሪያ ሆዴ ባባ። ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ። አንተ ሰውዬ፣ ያኔ ለእኔ ያልከኝን ረሳኸው እንዴ?

እነዚያ አሮጌ ዝቅ ያሉ መኪኖች ሄደው ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የመጡ ሰሞን ሰው ሁሉ "እሰይ፣ ሚጢጢም ከፍ አለች!" ብሎኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሩቁም ቅርቡም የሚታየው ይመስለናላ። ሩቁንስ አየሁት። ከአፍንጫዬ ስር ያለውን ግን ያ ሰፊ ኮፈን ዋጠብኝ። ወንበሩን ወደ ፊት ስስበው ደረቴ ከመሪው ይጣበቃል፣ ከፍ ሳደርገው ፍሬኑ ላይ የሚደርሰው የእግሬ ጣት ብቻ ነው፣ ደገፍ ልበል ስል የወንበሩ ጫፍ ከጉልበቴ በስተኋላ ይቆርጠኛል። ቀበቶው ደግሞ ትከሻዬን ትቶ አንገቴን ያንቀኛል። ወገቤን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ "ድንጋይ ስትሸከሚ ነው እንዴ የዋልሽው?" ትለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ አጭር ሆኜ መሪ መጨበጤ ራሱ ስንት ወሬ ነበረው፤ ጭራሽ "አይታየኝም" ልበል?

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከሆስፒታሉ በር ልነሳ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ስፖኪዮ አየሁ፣ ፊት ለፊቴ ባዶ ነው። ድምፅ የለው ነገር፣ መኪናው ሸርተት አለ። አንተ ከየት እንደመጣህ እንጃ፣ ኮፈኑን በሁለት እጅህ እየደበደብክ "ቁሚ! ቁሚ!" አልክ። ፍሬን ያዝኩ። ወርጄ ሳይ፣ እኒያ ሁልጊዜ የሚመርቁን እናት በዊልቸራቸው መኪናው አፍንጫ ስር ናቸው። ከጉልበታቸው እስከ መኪናው አንድ ስንዝር ቢቀር ነው። እሳቸው "ተርፌያለሁ፣ አይዞሽ ልጄ" ይሉኛል፤ እኔ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን አወርደዋለሁ።

የስምሪት ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ደንግጦ ነበር። "ከነገ ጀምሮ ቢሮ ሆና ስልክ ታንሳ፤ ይሄ መኪና በእሷ ቁመት አልተሠራም" አለ። እኔ ቁልፉን ላስረክብ እጄን ዘርግቻለሁ። አንተ "ቆይማ" አልክ። ኃላፊውን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ ዓይኑ በእኔ ዓይን ልክ እስኪሆን ወንበሩን ዝቅ አደረግህበት። ከዚያ የመንገድ ኮን ይዘህ ወደ ፊት ሄድክ።

"ኮኑ ይታይሃል?"

"አቁመኸዋል እንዴ?"

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ፤ ወርዶ ኮኑን ሲያየው ግን ሳቁ ጠፋ። "እሺ፣ ምን ይደረግ?" አለ።

መሪውን ዝቅ አድርገህ ከደረቴ አራቅክልኝ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግተህ እስከ ላይ አነሳኸው። እግሬ ፍሬኑን በደንብ እንዲረግጥ ከጀርባዬ የሚገባ ጠንካራ ስፖንጅ ቆርጠህ እንዳይንሸራተት በማሰሪያ አሰርክልኝ። ኃላፊውም ከፊት ካሜራ አስገጠመ። እኔ ግን በስፖንጁ አፍሬ በጥቁር ፌስታል ደብቄ ነበር ይዤው የምገባው። አንድ ቀን አየኸኝና ቆጣ አልክ። "መነፅር ያደረገ ሰው ያፍራል እንዴ? የሚያስፈልግሽን ይዘሽ ውጪ!" ፌስታሉን ቀማኸኝና ቆሻሻ ውስጥ ጣልከው።

የግቢያችንን ደንብ ታውቀዋለህ፤ ፈረቃ የጨረሰ ሰው ወንበሩን ለሚቀጥለው አስተካክሎ ይወርዳል። ሌላው አንዳንዴ ይረሳል። አንተ አንድም ቀን ረስተህ አታውቅም። ያን የሚያህል ቁመት ይዘህ ወንበሩን በእኔ ልክ ስታስጠጋው ጉልበትህ መሪው ስር ይሰነቀራል፤ ሹፌሮቹ "ኧረ መሰላሉ ታጠፈ!" እያሉ ይስቁብሃል። ከወረድክ በኋላ ከውጭ ቆመህ የወንበሩን ቁልፍ መጫን እንደምትችል ማንም አልነገረህም። እኔም አልነገርኩህም። ማየቱ ደስ ይለኝ ነበራ።

እንግዲህ ስማኝ። ነገ ጠዋት የዓይን ሕክምና ስምሪቱ የእኔ ነው፤ ለምኜ ነው የወሰድኩት። ሰው እንዳያይህ ከሆነ የፈራኸው፣ ይዩሃ! ለእኔ ስፖንጅ ነውር ካልሆነ ለአንተ የሰው ክንድ መያዝ ምኑ ነው ነውሩ? ለእኔ ሲሆን ጥፋቱ የወንበሩ፣ ለአንተ ሲሆን የአንተ? ይሄ ፍርድ አይደለም። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ይሄ ሳምንት ካመለጠን ያቺ የቀረችህ ብርሃን ትሄዳለች። ግድግዳውንም እኮ ለማየት ዓይን ያስፈልጋል።

እታለም፣ እዚህ ጋ ትንሽ ተንፍሺ። የሚቀጥለውን ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

እወድሃለሁ። እንደ ባልደረባ አይደለም፣ ሌላውን ነው። ብዙ ጊዜ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ ግን አንተ ስትወርድ እኔ እገባለሁ፣ እኔ ስወርድ አንተ ትገባለህ። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ መኪና ስንነዳ አንድም ቀን አብረን ተቀምጠንበት አናውቅም።

ነገ እንቀመጥበታለን። መልስ አትላክልኝ፣ በሩን ብቻ ክፈት።

ከደጅህ ሳትሰማህ የማትሄደው፣
ሚጢጢ