ሰማንያ ሁለት ያልኩበት ቀን

ለውድ ልጄ፤

ከዚህ ደጃፍ ተነስቶ አንተ እስካለህበት ድረስ በመንገዱ ላይ ከፈሰሰው ጠጠር የበዛ ሰላምታዬ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ቀስፎ ይይዝሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? የትንሿ ጥርስ በቀለ? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ የሚያማርረኝ የለም። የሚያሳፍረኝ ግን አለ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

መጀመሪያ ወሬውን ልንገርህ። መንገዱ እንደገና ሊዞር ነው። ይኼ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ቀያሾቹ ከጋራው ማዶ ችካላቸውን ተክለው ጨርሰዋል፤ ዶዘሩም ገብቷል። ከእንግዲህ በእኛ ደጅ የሚያልፍ መኪና አይኖርም። የድሮውን አስፋልት ሣር ይብላው ብለው ትተውታል።

እኔ ለመንገድ ሥራ የተቀጠርኩ ጊዜ መንገዱ ከቤታችን በታች በወንዙ ዳር ነበር የሚያልፈው። እናትህ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የጭነት መኪና ሸራ ትጠግን ነበር። ወንዙ በየክረምቱ መንገዱን እየቦረቦረ ቢያስቸግር ወደ ላይ፣ ወደ ቤታችን ጀርባ አወጡት። ያኔ የፊቱን በር በድንጋይ ደፍነን በጓሮ በኩል ሌላ በር ከፈትን፤ ጓሮው ደጅ፣ ደጁ ጓሮ ሆነ። እናትህ፣ «ይኼ መንገድ እንደ አማት ነው፤ በየትኛው ጎን ቢቀመጡለት አይመቸውም» እያለች የስፌት መኪናዋን አዞረች። ሰማንያ ሁለት የሚለውን የኪሎ ሜትር ድንጋይ እኔና ካቦው ተሸክመን ከአዲሱ በር አጠገብ ተከልነው። አንተ የተወለድከው በዚያ ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ሰማንያ ሁለት» እያሉ ሲጠሩህ እያለቀስክ ትመጣ ነበር፤ ኋላ ግን ራስህ ወደድከው። አውቶቡስ ውስጥም ሰው ሁሉ «ሰማንያ ሁለት ወራጅ አለ!» ነበር የሚለው።

አንተ ከሄድክ ከሦስት ዓመት በኋላ ከእኛ ወዲያ፣ በከተማው አቅጣጫ ያለውን ሸለቆ በድልድይ አሻገሩትና ጠመዝማዛው ቀረ። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር አጠረ። ቤታችን ካለበት ሳይነቃነቅ ሰባ ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው። ቁጥሮቹን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ። በደጃችን ያለውን ሰማንያ ሁለት በነጭ ቀለም ሸፍኜ ሰባ ዘጠኝ ጻፍኩበት። ሰማንያ ሁለትን ወስጄ ከከተማው ይበልጥ ርቆ፣ ከቤታችን ሦስት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባው ጋ ጻፍኩት። የሰፈሩን ሰው ግን ምን ገዶት፤ በአፉ ሰማንያ ሁለት እንዳለ ቀረ። በእኔም አፍ እንደዚያው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ረፋድ ላይ ነበር። እናትህ ሸራ ስትሰፋ ድንገት ዘንበል ብላ ወደቀች፤ መርፌው ሸራው ላይ እንደተሰካ ቀረ። ለአምቡላንስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ቦታው የት ነው አለችኝ። ሰማንያ ሁለት አልኳት። ልጄ፣ ያልኩት ይህን ነው። ቁጥሩን በገዛ እጄ ያነሳሁት ሰውዬ ይህን አልኩ። እናትህ እጅጌዬን ጨብጣ አልለቅ ስላለችኝ መንገድ ላይ ወጥቼ አልቆምኩም። አምቡላንሱ እየጮኸ ሲመጣ ሰማሁና «አይዞሽ፣ ደረሱልሽ» አልኳት። በደጃችን አልፎ ሄደ። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ጠፋ። እሷም ሰምታዋለች፤ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ ከፊቴ ላነሳው አልቻልኩም። ሹፌሩ ካባው ጋ ሲፈልግ፣ ሲጠይቅ ቆይቶ የተመለሰው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ከተማ ሳንደርስ እጅጌዬን ለቀቀችኝ።

ለቀብሯ ስትመጣ ያልከውን አንተም አትረሳውም። ሹፌሩ ሊያስተዛዝን ቢመጣ አንገቱን ይዘህ፣ «ሰማንያ ሁለትን የማያውቅ ሹፌር አለ? እናቴን አልፈሃት ሄድክ!» አልከው። ልጁ የከተማ ልጅ ነው፣ ለሥራው አዲስ፣ ከድንጋዩ ቁጥር በቀር የሚያውቀው የለም። ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካያችን «አልፎ ሂያጅ» የሚል ስም አወጣለት፤ በሄደበት ሁሉ «ዛሬስ እንዳታልፈን!» እያሉ ሲስቁበት ሥራውን ትቶ ሄደ።

ለምን ዝም አልክ ብትለኝ፣ ሐዘን ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ሐዘን አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የፈራሁትም አንተን ነው። እናትህን አጥቼ አንተንም እንዳላጣ የሰው ልጅ ስም ሸጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ስጸልይ ለእሷ ነፍስ ለመንኩ፤ የዚያን ልጅ ነገር ግን ለአምላክ እንኳ አንስቼ አላውቅም፣ እሱ ያላየ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን የሚሰበስብ መኪና ደጃችን ቆመ። የሚነዳው ያ የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ሰላም ብሎኝ ድንጋዩ ሥር ቁጢጥ አለ። ነጩ ቀለም ተላልጦ ከሰባ ዘጠኙ ሥር የድሮው ሰማንያ ሁለት ብቅ ብሏል። በጣቱ ዳሰሰው። ቀና ሳይል፣ «አባባ፣ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ሐዘንተኛ ላይ ድንጋይ አይጫንም ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ድንጋዩን ነቅሎ ጫነና ሄደ። ቢሰድበኝ እንዴት ባረፍኩ።

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ፣ «አባባ፣ ምን የሚላጭ ተርፎዎት ነው?» ብሎ ቀለደ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቀሱን እንደያዘ ቀረ። አንዱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ፤ አልተቀመጥኩበትም። የቀረኸኝ አንተ ነህ። ለእኔ ብለህ ምንም አታድርግ። ቂምህ ግን የኔ ነውና ከዚያ ልጅ ላይ አንሳው። ስልክ ቁጥሩን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ አስተካክዬ መጻፌን አራት ጊዜ አይቻለሁ።

ቤታችን ከእንግዲህ ቁጥር የለውም። ና ለማለት አፍ የለኝም። ከመጣህ ግን አዲሱ መንገድ ከአሮጌው የሚገነጠልበት ላይ ውረድ፤ ቀኑን ብቻ አስታውቀኝ። ከማለዳ ጀምሮ ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ።

ለባለቤትህ የአባት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ትልቁን ልጅህን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ። እንደ መንታ አብረው የሚስቁትን ሁለቱን መካከለኞች ግንባራቸውን ሳምልኝ። የአያቷን ዓይን የወሰደችውን ትንሿን ደግሞ ዓይኗን ሳምልኝ።

አባትህ

ድሮ ሰማንያ ሁለት ከሚባለው ቤት
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን