ከጎሚስታ ያነሰ ደመወዝ

ይድረስ ለአባዬ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ ለጤናህ እንደምን አለህ ተብሎ ይጀመራል። አንተን ከእንግዲህ የሚያምህ ነገር ስለሌለ እሱን ትቼዋለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነህ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ጠዋት ቁስቋም መቃብርህ ዘንድ ሄደን ጸሎት አስደረግን፣ ከዚያ ቤት ለመጣው ሰው ያቅማችንን አበላን። ያን ቀን በሰው ፊት የተናገርኩትን ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለው ነው። አንተ ከእኔ ከራሴ እንድትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ ምክንያቱም ከተጣላኋቸው ሰዎች አንዱ አንተ ነህ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ቢያማትም ከሽሮ ሜዳ ነጠላ እያመጣች መቋጨቷን አልተወችም። ጎሚስታ ቤትህን አብሮህ ሲሠራ የኖረው ከድር ይዞታል፤ ኪራዩንም ለእማዬ ሳያጓድል ያመጣል። ከእንጦጦ የሚወርዱ ሾፌሮች አሁንም እዚያው ያቆማሉ። አንዳንዱ ያልሰማ፣ ስምህን ጠርቶ ይጠይቅና ከድር ሲነግረው ነፍስ ይማር ብሎ ጎማውን ያስሞላል።

ነገሩን የጀመረው የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ መንግሥቱ ነው። ሰው በልቶ ሲያበቃ ብድግ አለና፣ ሟች ወንድማችን በሕይወት ሳለ ለእድሩ ቃል ገብቶልን ነበር፣ ኢንጂነር ልጁ የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ቤታችንን ፕላን ልትሠራልን፣ አሁን ከወረዳ ፈቃዱ ስለመጣ እሷን ነው የምንጠብቀው አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባዬ፣ ይህን መቼ ነው ቃል የገባህላቸው? የተማርኩት መካኒካል መሆኑን አሳምረህ ታውቃለህ። በእኛ ሰፈር ኢንጂነር ማለት ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ግድግዳው የተሰነጠቀ ሁሉ እኔን መጥራት የጀመረው ገና ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። አንተም ሰዎቹን ከማረም ዝም ማለት ቀለለህና፣ የኢንጂነር አባት እየተባልክ በእድሩ ስብሰባ ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከረምክ። በዚህ አልቀየምህም፤ እኔ ባልማርም ያ ወንበር ይገባህ ነበር።

ተነሥቼ እውነቱን ነገርኳቸው። የተማርኩት ማሽን ነው፣ ቤት መሥራት አላውቅም፣ የማላውቀውን ፕላን ፈርሜ ቤቱ በእናንተ ላይ እንዲወርድ አላደርግም አልኩ። ጋሽ መንግሥቱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ወርቁ ተቀበለው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፣ ቤት ካልሠራ ታዲያ ይህ ዲግሪ ለምኑ ነው አለኝ። ከዚያም ለሁለት ወር በቤታችን ሲጉላላ የነበረውን ጉዳይ አደባባይ አወጣው። ባንክ ቤት ሰው አናግሮልኛል፤ ባንክ የትኛውንም ዲግሪ ይቀበላል፤ መነሻ ደመወዙም እኔ ልቀጠርበት ከመረጥኩት ከማካሮኒ ፋብሪካው ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ፋብሪካው ስንት ይከፍልሻል ብሎ በሰው ፊት ጠየቀኝ። አልደበቅኩም፤ ነገርኩት። ሳቀ። አባትሽ በደህና ወር ከዚህ በላይ ያገባ ነበር፣ አምስት ዓመት ተምሮ ከጎሚስታ ያነሰ ደመወዝ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አለ። እንግዶቹም ሳቁ። እማዬ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር።

መጨረሻ ላይ አንተን አመጣብኝ። አባትሽም ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ ባንክ ግቢ ብሎሻል፣ የሟች ቃል አይጣስም አለኝ።

ብለኸኛል። አልክድም። እጄን ይዘህ፣ ሰኒ፣ ንጹሕ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እጅሽ እንደ እኔ እጅ እንዳይጠቁር ብለኸኛል። እኔም ትንፋሽ ስላጠረህ እሺም እምቢም ሳልል ቀረሁ። የትምህርት ክፍል ስንመርጥም አገሩ ሁሉ ግንባታ ነው፣ ሲቪል አድርጊ ብለኸኝ ነበር፤ እኔ መካኒካልን አንደኛ ሞልቼ ሲቪልን ሦስተኛ ላይ አደረግኩት። ስነግርህ ክሪኩን አንሥተህ ወደ ሥራህ ሄድክ።

ለጋሼ ወርቁ የመለስኩለት በጎማ መሙያው ኮምፕሬሰር ታሪክ ነው። ታስታውሳለህ፣ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ለእረፍት መጥቼ ነበር። ምሳህን ይዤልህ ስመጣ ዓይኔ ኮምፕሬሰሩ ላይ ዐረፈ። ጋኑ ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ በአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ደፍነህ በሽቦ ጠፍረኸው ነበር። ቫልቯ አየር ታባክናለች፣ ሞተሩን ታስለፋለች ትል ነበር። እንደዚያ አድርገህ ስንት ዓመት አጠገቡ እንደተቀመጥክ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የተማርነው ስለ እሱው ነበር፤ መተንፈሻ ያጣ ጋን ቀኑን ጠብቆ እንደሚፈነዳ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩት። ሁለት ሚኒባስ ጎማ ፈትቶ ይጠብቃል፣ አንተ በሰው ፊት አዋረድሽኝ እያልክ ትጮኻለህ፣ እኔ ገመዱን አቅፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ከድር መርካቶ ሄዶ አዲስ ቫልቭ ገዝቶ እስኪመጣ አልተነሣሁም። ራሴ ገጠምኩት። እራት ላይ አላናገርከኝም። በሳምንቱ ግን ለአንድ ሾፌር ስታስረዳ ሰማሁህ፤ ጋን ካልተነፈሰ ይፈነዳል፣ ይህ ሳይንስ ነው እያልክ፣ ራስህ ያገኘኸው ይመስል።

እና ለጋሼ ወርቁ፣ ይህ ዲግሪ ባይኖር ኖሮ የወንድምህን ሙት ዓመት ያወጣነው ዛሬ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ነበር አልኩት። ከድር ከበሩ በኩል እውነቷን ነው አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ጋሼ ወርቁ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ባንኩ እስከ ዓርብ ይጠብቅሻል ብሎኝ ወጣ። ዓርብ አለፈ።

ደመወዙን አላሳምርልህም። ትንሽ ነው፤ ያናድደኛልም። ታክሲና ምሳ ከተነሣለት በኋላ ለእማዬ የሚተርፈው ያሳፍራል። አብረውኝ ከተመረቁት አንዱ የስልክ ቀፎ ሽፋን ይሸጣል፣ ሁለቱ ባንክ ገብተዋል፣ አንዷ ሒሳብ አያያዝ እንደገና ከሥር ጀምራለች። አልፈርድባቸውም፤ ቤት ኪራይ ምን ተማርክ ብሎ አይጠይቅም። ግን ሁላችንም ሸሽተን ከወጣን ማሽኑ ጋ ማን ሊቀር ነው? ለፋብሪካው ኃላፊም ለመሐንዲስ ይህን መክፈል ነውር ነው ብዬዋለሁ። ለጀማሪ የተቆረጠው ይኸው ነው አለኝ። በስድስት ወር እንደገና እጠይቅዎታለሁ አልኩት። እጠይቀዋለሁ።

አንተንም እምቢ ብዬሃለሁ አባዬ። ቃልህን መጣስ ከሆነ ጥሻለሁ። ያ የጠቆረ እጅ ነው ያሳደገኝ፤ እሱን እንዳፍርበት ልታደርገኝ አትችልም። በሕይወት ብትኖርም እምቢ እልህ ነበር፣ አንተም ታኮርፈኝ ነበር፣ እኔም እስኪያልፍልህ እጠብቅህ ነበር። አሁን የሚናፍቀኝ ኩርፊያህ ነው። ከጋሼ ወርቁ ጋር ስጣላ ቶሎ ያልቃል፤ እንዳንተ የሚያደክመኝ ሰው አጣሁ።

ትናንት ቅጥሩን ልፈርም ፋብሪካው ሄድኩ። ቅጽ ሰጡኝና የሥራ ልምድ የሚለው ጋ ስደርስ፣ የምትመዘግበው ሴት፣ ጀማሪ ስለሆንሽ ባዶ ተይው አለችኝ። አልተውኩትም። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ በየክረምቱና በየቅዳሜው ካንተ ጋር ጎማ ስፈታና ስገጥም የኖርኩትን ቆጥሬ፣ ጎሚስታ፣ ዘጠኝ ዓመት ብዬ ጻፍኩ። አሠሪ በሚለው ላይ ስምህን እስከ አያትህ ጻፍኩ። ሴትዮዋ አየችውና ከአሠሪሽ የልምድ ማስረጃ ማምጣት አለብሽ አለችኝ። አሠሪዬ ቁስቋም ነው ያለው አልኳት። አልገባትም ነበር፤ ከዚያ ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እህቴ፣ ደመወዙን እኮ አይለውጠውም አለችኝ። አውቃለሁ፣ ይጻፍ አልኳት።

ተጽፏል አባዬ፤ ማህተምም አርፎበታል። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ዕድሜ ልኬን፣ የት ሠርተሽ ታውቂያለሽ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠራው አንተን ነው።

ልጅህ ሰናይት