አርባ ግራ እግር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ቁልፍ ፍለጋ ነው... ለካ ከውጭ በሩ ላይ እንደተሰካ አድሯል። ሌባው እንኳ ንቆኛል።

ሥራው ግን ጥሩ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ሠላሳ ሸሚዝ ቆረጥኩ። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ አልፈውኝ ሄደው ተመልሰው አዩና «እጅሽስ እጅ ነው» አሉኝ። እጅሽስ? ጭንቅላትሽ ግን... ማለታቸው ይሆን? ይሆናል። ነገ የተማሪ ሱሪ አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ጉዴ ፈላ።

የሃያ ሱሪ የፊት እግር ነበር። ሃያ ቀኝ፣ ሃያ ግራ። የእግሩን ልክ የያዘውን ካርቶን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ማስመር፣ ከዚያ ገልብጦ ለሌላው እግር ማስመር ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁት ነገር! መሃል ላይ የእህቴ ልጅ ልደት ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ኬኩ፣ ከዚያ ኬክ ቤቱ አጠገብ ያለው ጥርስ ሐኪም... ካርቶኑን ሳልገለብጥ ሁሉንም ቆርጬ ጨረስኩ። አርባ ግራ እግር። ጨርቁ ፊትና ጀርባ ስላለው ተገልብጦም አይድንም።

ማንም አላየም። ጠቅልዬ ጠረጴዛው ሥር ወሸቅኩት። ነገ ለእትዬ እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አገኙት። ራሳቸው። ሰፊዎቹ «እግሩ የታለ?» ሲሉ እትዬ ጎንበስ ብለው ጎተቱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አንዷን እግር አነሱ፣ ሌላዋን አነሱ፣ ገጣጠሟቸው። «በአንድ እግሩ የሚሄድ ትምህርት ቤት አለ እንዴ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ጨርቅ ይተካል። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ‹እየደረሰ ነው› ስትዪኝ ዋልሽ። እሱን በምን ልተካው?»

እስከ ኅዳር መጨረሻ ያዩኛል። ከአሁን በኋላ አንድ ነገር ብደብቅ ከመቁረጫው ተነስቼ የሸሚዝ ቁልፍ ተከላ ነው። ቁልፍ መትከል! ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ! ማበዴ ነው። በዚህ ዓለም ላይ በደንብ የምችለው አንድ ነገር ቢኖር መቁረጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋ ሄድኩ። አራተኛዬ። ኤዲኤችዲ፣ ትኩረት መሰብሰብ ያለመቻል ችግር፣ ነው ካለችኝ ሁለት ወር ሊሆን ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት «ዝንጉ»፣ «ቀልበ ቢስ» ስባል ኖሬ... ለካ ስም አለው።

ስለ ሱሪው ነገርኳት። «ስህተቱ ስንት ሰዓት ፈጀ?» አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። «መደበቁስ?» ሁለት ቀን። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፈቻቸው።

ስወጣ መጠበቂያው ጋ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቷ አሥራ አምስት ቢሆናት ነው፤ እዚያው የሚሰበሰበው የወጣቶች ቡድን ውስጥ ናት። አባትየው ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «የፈተና ወረቀቷን ትራስ ልብስ ውስጥ ትደብቃለች! ውሸታም ነው ያሳደግኩት!» ልጅቷ ጫማዋን እያየች፣ «ልዋሽህ አይደለም አባዬ። አንድ ቀን ብቻ ሳትናደድብኝ እንድትውል ብዬ ነው።»

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ባለሙያዋ ሁለት ነገር አዘዘችኝ። ከመቁረጤ በፊት የምቆርጠውን ጮክ ብዬ ለሰው መናገር። ከተሳሳትኩ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሄጄ መናገር... ሳላለቅስ፣ መቶ ጊዜ ይቅርታ ሳልል። «ምን ተበላሸ፣ ስንት ነው፣ ምን ያስፈልጋል። በቃ።»

በቃ አለች! ለአፍ ሲሆን ይቀላል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ለማን ልናገር? ልብስ የሚተኩሱት ጋሼ አጠገቤ ናቸው። ነገርኳቸው፣ ኤዲኤችዲውንም ጭምር። ሥራ ቦታ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ካውያውን አቁመው ሰሙኝና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በይ ጀምሪ» አሉ።

«ግራ፣ አሥር። አሁን ገለበጥኩ። ቀኝ፣ አሥር።»

«ሰምቻለሁ። ሚስቴንም እንዲህ አዳምጬያት አላውቅ!»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ቀጠሮዬን ረሳሁት። የዝንጋታዬን ሐኪም ዘነጋኋት! ማታ ላይ ደወለች። ታክሲ ጠፋ ልል ነበር... ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ረሳሁት» አልኩ። «እሺ፣ ሐሙስ ነይ» አለች።

ይኸው ነው? ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ያ አባትና ልጅቷ ዛሬም ነበሩ። አባትየው ያንኑ ጀመረው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣልቃ ገባሁ። «እኔም እደብቃለሁ» አልኩት። «ባለፈው ወር አርባ የሱሪ እግር ደብቄ ተያዝኩ።»

«እርስዎም? ትልቅ ሰው ሆነው?» አለች ልጅቷ።

«ትልቅ ሰው ሆኜ።»

ልጅቷ ሳቀች። አባትየው አልሳቀም፤ ግን ያንኑ መድገሙን ተወው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጋሼ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ብቻዬን ነኝ። ለግድግዳው እየተናገርኩ ቆረጥኩ... ግድግዳ አይመልስም። የአስተናጋጆች ኮት ነው። ሦስት እጅጌ ከቆረጥኩ በኋላ ካርቶኑን አየሁት። የትንሹ ልክ ነው። ሦስቱም አጥረዋል።

እጄ ወዲያው መጠቅለል ጀመረ። ሳላዘው! ኅዳር ሊያልቅ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል... ዝም ብልስ? ማን ያያል? ቆምኩ። ከዚያ እጅጌዎቹን እንደያዝኩ እትዬ ጋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሦስት እጅጌ አሳጥሬ ቆረጥኩ። ካርቶን ተሳስቼ ነው። ሁለት ሜትር ጨርቅ ያስፈልገኛል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መቼ ነው?»

«አሁን።»

«አሁን አሁን?»

«አሁን አሁን።»

እጅጌዎቹን ተቀብለው አገላበጡ። ከዚያ እኔን አዩኝ... እንዲህ አይተውኝ አያውቁም። ቁልፍ ተከላ ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ሄደሽ ማን ሊቆርጥልኝ?» ብለው የጨርቅ መደርደሪያውን ቁልፍ ሰጡኝ።

ከስህተቱ እስከ መናገሩ ሩብ ሰዓት። ምሳዬን በደንብ በላሁ፤ ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ኮቶች ቆረጥኩ።